የሰፈሩ ዕቃና የእኛ ሻንጣ

(ድሬዳዋ፣ ጠዋት፣ የሆቴል ክፍል። የስፌት ቤት ባለቤት የሆነችው የውብዳርና አብሯት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ ልዑልሰገድ ገና ከአውሮፕላን ወርደው በፌስታልና በካርቶን መሃል ቆመዋል።)

የውብዳር፦ አንተን እኮ ነው የምጠይቀው! ናሙናው ያለበት ሻንጣ የታለ?

ልዑልሰገድ፦ አዲስ አበባ።

የውብዳር፦ አዲስ አበባ የት?

ልዑልሰገድ፦ ባልሽ መኪና ውስጥ። ሊሸኘን እንደመጣ መልሼ ጫንኩለት።

የውብዳር፦ ጫንክለት! አንሶላዬን፣ መጋረጃዬን፣ የስፌት ቤቱ ልጆች ወገባቸው እስኪቆረጥ የሰፉትን መልሰህ፣ ይሄን ሁሉ ፌስታል ተሸክመህ መጣህ?

ልዑልሰገድ፦ ሚዛኑ አልፈቀደልንማ! ሻንጣ የምትመዝነው ልጅ «ወይ ክፈል ወይ ቀንስ» አለችኝ። ገንዘቡ አንቺ ጋ፣ ስልክሽ የተያዘ፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ይሳደባል።

የውብዳር፦ እና የሚቀነሰው የኔ ነው? በርበሬው አይቀነስም? ሽሮው አይቀነስም?

ልዑልሰገድ፦ የሰው አደራ ነዋ! ያንቺን ባስቀር የምትቆጪኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የነሱን ባስቀር ሰፈሩ በሙሉ «አደራ በላ» ይለኛል።

የውብዳር፦ ይበልሃ! ባለሆቴሉ አቶ ሙክታር በርበሬ ሊገዛኝ ነው? የሆቴሉን አልጋ በሽሮ ሊያለብስ ነው? አራት ሰዓት ላይ ባዶ እጄን ገብቼ ምን ላሳየው?

ልዑልሰገድ፦ ነገ አስልከን...

የውብዳር፦ ነገ የለም! ከሰዓት ጅቡቲ ይሄዳል። ከውጭ የሚያስመጣው ነጋዴ ዕቃውን አሳይቶ ጨርሷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ስፌት ቤቱን እዘጋዋለሁ። ገባህ? ለልጆቹ «ወንድሜ ሽሮ ስላስቀደመ ነው» ብዬ ላሰናብታቸው?

ልዑልሰገድ፦ አህያውን ፈርተሽ ዳውላውን አትምቺ! ሽሮውን ማን ተቀበለ? እኔ?

የውብዳር፦ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ አልነገርከኝም። ፈሪ!

ልዑልሰገድ፦ አዎ ፈራሁ። ቀበቶ አስረሽ እየጮህሽ ስትበሪ ታየኝ። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። ሚዛኑ ጋ ስፈልግሽ የት ነበርሽ?

የውብዳር፦ በር ላይ ሰው ጠርቶኝ...

ልዑልሰገድ፦ ሌላ ፌስታል ልትቀበዪ!

የውብዳር፦ የአራስ የገንፎ እህል ነው! ለአራስ እምቢ ይባላል?

ልዑልሰገድ፦ ለአራስ እምቢ አይባልም፣ ለጎረቤት እምቢ አይባልም፣ ለዕድሩ ዳኛ እምቢ አይባልም። እምቢ የሚባለው ለኔ ነው። «የሥራ ጉዞ አንድ ቀላል ሻንጣ ነው፣ ናሙና ከእጅ አይወጣም» እያልሽ ልጆቹን የምታስተምሪው ማን ሆነሽ ነው? የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ምን ነበር?

የውብዳር፦ ...ቅቤ።

ልዑልሰገድ፦ ቅቤ! ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል አሉ። ቀድመሽ ቀደሽው ስታበቂ መስፊያውን ከኔ ትፈልጊያለሽ።

የውብዳር፦ አፍህን ዝጋና ዕቃውን አቀብለኝ። ያን በገመድ የታሰረውን።

ልዑልሰገድ፦ ለምን?

የውብዳር፦ የጎረቤታችን የእትዬ ዘርፌ አይደል? ልጃቸው እዚህ ጎጆ ወጣች ብለው ያሰፉት። አንሶላውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ጥልፉ የኔ ነው፣ ከዚያ የተሻለ ሥራ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።

ልዑልሰገድ፦ እጅሽን!

የውብዳር፦ ለአንድ ሰዓት ነው። አሳይቼ አጥፌ እመልሰዋለሁ።

ልዑልሰገድ፦ «ማንም ሳይከፍተው ለልጄ ስጡልኝ» ብለው በገዛ እጃቸው ነው ያሰሩት። የማያውቁት ሰው የልጃቸውን የሙሽርነት አንሶላ እየዳሰሰ ዋጋ ሊጠይቅ?

የውብዳር፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ልቀቀው!

ልዑልሰገድ፦ አልለቅም። ሻንጣሽን ያስቀረሁት ለዚህ አደራ ብዬ ነው። አንቺ ከፈትሽው ማለት ሁለታችንም በከንቱ ተዋረድን ማለት ነው። ከከፈትሽው እኔ በዚህ በር እወጣለሁ፣ ከእንግዲህም ስፌት ቤትሽን አልረግጥም።

የውብዳር፦ ታስፈራራኛለህ? እሺ ምን ላድርግ? አንተ ንገረኝ! ምን ላድርግ?

ልዑልሰገድ፦ ደውዪና ጠይቂያቸው።

የውብዳር፦ እትዬ ዘርፌን? ምን ብዬ? ሴትየዋ አምነው የሰጡኝን ልፍታው ብዬ?

ልዑልሰገድ፦ አዎ! ስልካቸው አለሽ አይደል? ሲያዙሽ ይደውሉልሽ የለ?

የውብዳር፦ አፍራለሁ።

ልዑልሰገድ፦ መስረቁ አያሳፍርሽም፣ መለመኑ ያሳፍርሻል! አንድ ቀን እነዚህን ሰዎች አንዲት ነገር ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ጫኑብኝ እንጂ አግዙኝ የሚል ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ንዴትሽን እኔ ላይ ታወርጂዋለሽ።

የውብዳር፦ አባታችን ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት እነሱ ናቸው። ረሳኸው?

ልዑልሰገድ፦ አልረሳሁም። የቀበሩት ግን አባታችንን ነው፣ አንቺን አይደለም። ሰዓቱ እየሄደ ነው እታለም።

የውብዳር፦ ስልኩን አምጣው። አትየኝ፣ ወደዚያ ዙር። ...ሄሎ? እትዬ ዘርፌ፣ የውብዳር ነኝ። ደህና ገባን። አይ፣ ገና አላደረስነውም። ይስሙኝ፣ የእርስዎን ዕቃ ለመጫን ብለን የኔን እንጀራ አዲስ አበባ ጥለነው መጣን። አሁን አንሶላውን ፈትቼ ለሚገዛኝ ሰው ማሳየት አለብኝ። እሺ ካሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። እምቢ ካሉኝም እንደታሰረ ለልጅዎ ይደርሳል፤ የሰፈሩን ዕቃ ግን ከዛሬ ወዲያ ሌላ ተሸካሚ ፈልጉለት።