ያለ ፍሬን የዞርኩት አደባባይ

የአንድ ዝነኛ የመኪና ተወዳዳሪ ሕይወት የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ትናንት ፒያሳ ካፌ ውስጥ አየሁላችሁና፣ ዛሬ ጠዋት ላዳዬን ሳስነሳ በቃ፣ እሱን ሆኛለሁ። ከአፍንጮ በር አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጫንኩ። ጊዮርጊስ አደባባይ ስንደርስ እንደ ሰውዬው ፍሬን ሳልነካ መሪውን ጠመዘዝኩት። የጎማው ጩኸት ጭብጨባ መሰለኝ።

«አንተ! ሳልሳለም አሳለፍከኝ እኮ!» አሉኝ እማማ። «በል መልሰኝ!»

አፍሬ አደባባዩን እንደገና ዞርኩ፤ በዚህኛው ግን እየተንፏቀቅኩ። ዳቦ የተሸከመ ሰውዬ በእግሩ ቀደመኝ። እማማ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ አማትበው ተሳለሙ።

«እንሂድ እማማ?» አልኳቸው።

«አንዴ ድገመው» አሉኝ። «ያኛው ለእኔ ነበር፤ ይሄኛው ላንተ ነው።»