የአቶ እንዳሻው ቅናትና የስኮርታው ጎማ

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከጭሮ ገበያ ስመለስ ጎረቤቴን አቶ እንዳሻውን አገኘኋቸው። ከአንድ ጎማ ቤት ፊት ለፊት፣ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ተጠግተው ማዶ ማዶውን ያያሉ። ሰላምታዬን የመለሱልኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ ነበር።

አቶ እንዳሻው በሐረር መንገድ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን የተዉ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ ደግሞ ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው የቤቱን መኪና ይነዳሉ። ማዶ የሚታዩትም እሳቸው ነበሩ። ከመኪናቸው ኋላ ተንበርክከው፣ ሙከሚል የተባለው ጎማ ጠጋኝ የሚያሳያቸውን ይከታተላሉ። ሁለቱም በኦሮምኛ እያወሩ ይሳሳቃሉ።

«ይኼ አራተኛ ቅዳሜዋ ነው» አሉኝ አቶ እንዳሻው። «ስለ ስኮርታ እየተማርኩ ነው ትላለች። ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲፈታ የኖረ ባል ቤቷ ተቀምጦ፣ ስለ ተጠባባቂ ጎማ ከሌላ ወንድ ትማራለች? የሚያወሩትን እንኳ አልሰማም። እኔ ከሰላምታ ያለፈ ኦሮምኛ የለኝም።»

«እርስዎን አልጠየቁም ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር። እኔ እያለሁ ምን ያደርግልሻል አልኳት።»

«ወደ ሂርና ለስብሰባ ብቻቸውን ሲሄዱስ?»

«መንገድ ላይ ሰው ይጠፋል? ለሴት ልጅ ቆሞ ጎማ የማይፈታላት ማን ነው?»

«እንግዲያው ያ ቆሞ የሚፈታላቸው ሰው አያስቀናዎትም?»

ዓይናቸው ቀላ፤ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ። እኔም ክርክሩን የረታሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀናተኛን ሰው በነገር መርታት ቁስሉን መንካት እንጂ ማከም አለመሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቦርደዴ መርዶ መጣ። ከአቶ እንዳሻው ጋር ሃያ ዓመት በአንድ መኪና የሠራው በክሪ አርፏል፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል። ወይዘሮ እቴነሽ መሪውን ይዘው፣ እኔም አብሬ ሦስት ሆነን ተነሣን። አቶ እንዳሻው በየደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ሚኤሶን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የኋላው ቀኝ ጎማ ፈነዳ። ፀሐዩ ያቃጥላል። አቶ እንዳሻው ቀድመው ወረዱ፤ እኛን ጥላ ውስጥ ቁሙ ብለው ክሪኩንና የጎማ መፍቻውን አወጡ፤ ከዚያም መኪናው ሥር ገቡ። ስኮርታው ከሥር በሽቦ ተንጠልጥሎ ይታያል። የሚፈታበት ብሎን ግን የለም። በእጃቸው ሳቡት፣ በመፍቻው ነቀነቁት፤ ፈቀቅ አላለም። ዐሥር ደቂቃ አለፈ። ወይዘሮ እቴነሽ አንድ ረጅም ብረት ይዘው ዝም ብለው ቆመዋል። ባላቸውን በእኔ ፊት ላለማሳፈር መሆኑ ገባኝ።

በመጨረሻ ሰውየው አቧራ በአቧራ ሆነው ወጡና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አላውቀውም» አሉ። «ስትጠይቂኝም አላውቀውም ነበር። መኪናው የመጣ ቀን ስኮርታው የሚፈታበትን ፈልጌ አጥቼ ነው ምን ያደርግልሻል ያልኩሽ።»

«ይህንኑ ብትነግረኝ አብረን ሄደን እንማር ነበር» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ።

ከዚያም የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገለጥ አድርገው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አነሡ። በቀዳዳው ብረቱን አስገብተው ወደ ግራ ሲያዞሩት ስኮርታው ቀስ እያለ መሬት ላይ አረፈ። አቶ እንዳሻው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ ጢም ብሎ የተነፋ ነው። ገርሟቸው ቀና ሲሉ ባለቤታቸው አስረዷቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሙከሚል ሲያወርደው አየር አልነበረውም፤ ሽቦውም ዝጎ አልወርድም ብሎ ነበር። በዚያ ቀን ባይነፋና ግራሶ ባይቀባ ኖሮ፣ ዛሬ ቀዳዳውን ማወቅ ብቻውን አያድነንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሠሩ። ባል ድንጋይ ታኮ አደረጉ፤ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ብሎኖቹ እንዲላሉ አሳሰቡ። ወይዘሮ እቴነሽ ብሎኖቹን ፈቱ፤ አቶ እንዳሻው አጠበቁ። ቦርደዴ የደረስነው አስከሬኑ ከመስጊድ ሲወጣ ነው። አቶ እንዳሻው ከሰዉ ጋር ተሸከሙ፤ በጓደኛቸው መቃብር ላይም አፈር ጨመሩ።

ስንመለስ አቶ እንዳሻው ቅናታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

«ከዚያ ጎማ ጠጋኝ ጋር የምትስቂው ምኑ ነው?»

«የመጀመሪያው ቀን አወርዳለሁ ብዬ በተቃራኒው አዞርኩና ይባስ አጠበቅሁት። ባየኝ ቁጥር እሱን እያነሣ ያስቀኛል።»

«ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቀሽ አላውቅም።»

«በአንተ ፊት መሳሳት እፈራለሁ፣ እንዳሻው። መሪ ስይዝ ትቆጣለህ፤ ማርሽ ስቀይር ትቆጣለህ። እሱ ስሳሳት እስክጨርስ ይጠብቀኛል።»

ጭሮ ልንገባ ስንል አቶ እንዳሻው፣ «ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ሄዱም። የፈነዳው ጎማ ተቀየረ፤ ስኮርታውም ተነፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ቀን ባልና ሚስት አውርደው አየሩን ይለካሉ፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ያያሉ፤ ሽቦውን ግራሶ ይቀባሉ፤ ክሪኩና መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውን ያረጋግጣሉ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ወይዘሮ እቴነሽ ሂርና ደርሰው ሲመለሱም አቶ እንዳሻው እንደ ድሮው በር ላይ ቆመው አይቁነጠነጡም። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቃቸው ብዬ ግን አልዋሽም። ሙከሚል ባለቤታቸውን ሲያስቅ ዛሬም የአቶ እንዳሻው ፊት ጠቆር ይላል።

መኪና ያለህ አንባቢ፣ የአንተ ስኮርታ የት እንዳለና በምን እንደሚወርድ ዛሬውኑ እይ፤ ባለቤትህም ትይ። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ እቴነሽ በሚመሩት ትምህርት ቤት ግቢ ሳልፍ፣ መኪና መንዳት የጀመረች ገሊላ የምትባል ወጣት መምህርት ስኮርታ ለማውረድ ብረቱን ወደ ቀኝ ታዞራለች። አቶ እንዳሻው አጠገቧ ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ስህተቷን ራሷ እስክታገኘው ዝም ብለው ይጠብቃሉ።