የኋለኛው መኪና ገጽ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኢገን ከተማ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጋሽ ታምራት በወጣትነታቸው የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የእርሳቸውንና የጓደኞቻቸውን መኪኖች ፎቶግራፎች በአልበም እንዳደራጅላቸው ጠየቁኝ። ኤንትሬ የሚሉትን አሮጌ ፊያት አስቀድሜ፣ ሁሉንም በተሠሩበት ዘመን ደርድሬ አስረከብኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ መኪናውን እንደ መጽሐፍ ደረደርሽው!» ብለው ሳቁና አንድ በአንድ አወጧቸው። ከዚያም የየሾፌሩን ስም እየጠሩ፣ መንገድ ላይ ተከታትለው ይነዱ በነበረበት ተራ መለሷቸው። መጨረሻ ላይ የተረፈውን ባዶ ገጽ ላወጣው ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው፤ የከበደ ነው። ሁልጊዜ ከኋላችን የሚነዳው እሱ ነበር።»

«ፎቶውስ፣ ጋሼ?»

«የለውም። ኋለኛው ሳይደርስ ካረፍንበት አንነሣም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ‹ይደርስብናል› ብለን ተነሣን። አልደረሰም።»

ባዶ ገጽ አልወድም። ያንን ግን እንደሌሎቹ ቁጥር ሰጥቼ የከበደን ስም ጻፍኩበት።