ጭሱ ወዴት ይዙር?

የፀጉር ቤቱ የጓሮ መስኮት ያን ቀን ተዘግቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አይታዋለች። የራሷን ሱቅ ስትከፍት ዓይኗ አረፈበት፤ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?" አለችና የሙሽራ ቀሚስ ቀጠሮ ትዝ ብሏት ገባች። ይህች ሴት ወትሮ ክፉ ክፉውን የምታስብ ናት። ልጇ ስልክ ካላነሳች መኪና ገጭቷታል፤ ወጥ ከሸተተ ቤት ተቃጥሏል። ያን ቀን ግን የሚያስፈራው ነገር ፊቷ ተደቅኖ ሳለ አልፈራችም።

በዚያ የሱቅ መደዳ መብራት ይጠፋል እንጂ አይመጣም ቢባል ይቀላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሱቅ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ጄኔሬተር አለው። የጭስ ማውጫው ወደ ጓሮ መስኮት ይዞራል እንጂ ወደ መተላለፊያው አይዞርም፤ ደንበኛ እንዳይታፈን ነው። ያን ቀን ዝናብ ነበርና ፀጉር ቆራጩ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በረደኝ ሲለው መስኮቱን ዘጋለት። ደንበኛው ተላጭቶ እየተንገዳገደ ወጣ። ፀጉር ቆራጩን ግን መቀሱን እንደያዘ ከወለሉ ላይ አነሱት።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋና ልጇ ጠይቀውት ሲወጡ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ከጋሼ ሞተር ጋር ተገጣጠሙ። ጋሼ ሞተር የመደዳው ሊቀመንበር ናቸው፤ ጄኔሬተር ሁሉ በእሳቸው እጅ ስለሚጠገን ስሙ በዚያው ቀረ።

"እንዴት አገኛችሁት?" አሉ ጃንጥላቸውን እያራገፉ።

"ሚስቱን እህቴ ይላታል" አለች ልብስ ሰፊዋ። "መቀሴን የት ደበቅሽው እያለ ይቆጣታል።"

"ይሻለዋል።"

"አይሻለውም ጋሼ።"

"አንቺ ደግሞ አፍሽን በመልካም ክፈቺ እንጂ!"

ሐኪሙ ከእነሱ በኋላ ሌላ ሰው እንዳይገባ ከልክሎ ነበርና ጋሼ ሞተር ከእነሱ ጋር ተመለሱ። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ትምህርት ጨርሳ ሥራ የምትጠብቅ ናት። ጥቂት እንደሄዱ በትሕትና ጀመረች።

"ጋሼ፣ ነገ የምክር ቤት ተወካያችን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስለ ንጹሕ ኃይል ረቂቅ ሕግ የሕዝብ ሐሳብ ይሰማሉ። ይደግፉት ይቃወሙት ገና አልወሰኑም። እርስዎ ቢናገሩ ይሰማሉ።"

"ተናግሬያለሁ እኮ። የገበያው ሰው አይፈልገውም ብዬ ነግሬዋለሁ።"

"ማንን ጠይቀው ነው?"

"ማንን እጠይቃለሁ? ሲያጉረመርሙ እሰማ የለ!"

"የሚያጉረመርሙት ሕጉን አንብበው አይደለም። ሕጉ የሚለው ለየገበያው አንድ የጋራ የፀሐይ ኃይል ከነባትሪው ይተከል፤ ወጪው በረጅም ጊዜ ብድር ይሸፈን፤ ከዚያ በኋላ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሳ ነው።"

"ደመና ሲሆንስ? ደመናውን በመጥረጊያ ልትጠርጊው ነው?"

"ደመና ሲሆን ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ባትሪው ያጠራቀመውን ይሰጣል። ለከፋ ቀን አንድ ሞተር ውጭ ሜዳ ላይ ይቆማል።"

"ደግሞስ ሰማዩን ያበላሸነው እኛ ነን? ያ ሁሉ ፋብሪካ ያለው አገር እያለ የእኔ ቁራጭ ሞተር ታየችሽ?"

"እውነትዎን ነው። ሰማዩን በብዛት ያበላሹት እነሱ ናቸው" አለች ልጅቷ። "ፀጉር ቆራጩን ግን እነሱ አይደሉም በጭስ ያፈኑት።"

ጋሼ ሞተር ቆሙ። ጃንጥላው ከልብስ ሰፊዋ ራስ ላይ ሸሸና ዝናቡ ወረደባት። እሷ ግን ልጄን ሊሳደቡ ነው ብላ ስለሰጋች ልብ አላለችውም።

"ስሚ የኔ ልጅ" አሉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ፈትቼ፣ ሞተር ገጥሜ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። እናንተ የሕጉ ደጋፊዎች በየስብሰባው 'የጭስ ነጋዴ' ትሉናላችሁ። ከእናንተ አንዱ መጥቶ፣ ጋሼ፣ ሕጉ ሲወጣ እርስዎ ምን ይሆናሉ ያለኝ አለ? አንድ?"

ልጅቷ አንገቷን አቀረቀረች። የተማረ ሰው ጥፋቱን በአንገት ማቀርቀር ሲገልጥ ደስ ይላል፤ በጩኸት የሚሸፍነው ይበዛልና።

"የለም" አለች። "አልጠየቅንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሞተር ጠጋኞች በፀሐይ ኃይል ጥገና ይሠልጥኑ፣ የተከላው ሥራም ለእነሱ ይሰጥ የሚል አንቀጽ በሕጉ የለም። ነገ ያንን እርስዎ ይጠይቁ። ተወካዩ ቢቃወሙ የሚይዙት ሰበብ የእናንተ እንጀራ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ይሻሻልና ይውጣ ካሉ ሰበቡ ይወድቃል። ነዳጅ ሻጮቹ ሁሌም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እኛን የሚደግፈን ሁሉ ሥራ አለብኝ ብሎ ይቀራል።"

"እኔም ቀርቻለሁ" አለች እናትየው ሳትጠየቅ።

ሱቋ ደረሱ። መብራት ስላልነበረ ልብስ ሰፊዋ ሻማ ለኮሰች። ከግራ ከቀኝ የጄኔሬተር ጩኸት፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። የእሷን ካደጋው ወዲህ አላስነሳችውም፤ ያልተሰፋ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ጋሼ ሞተር በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያዩ ጀመር።

"ጭሱን ወደ ጓሮ አዙሩ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ደንበኛ እንዳይሸሽ ብዬ።"

"እርስዎ ብቻ አይደሉም" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ሁላችንም እሺ ብለናል። ጨዋነት መሰለን። ደንበኛው ግን ተስተናግዶ ይሄዳል፤ ጭሱን ስንስብ የምንውለው እኛ ነን። ጋሼ፣ እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ሕጉ የሚያልፍም አይመስለኝ። ቢያልፍም ሥራ ላይ እስኪውል ስንቱ ይወድቃል። ግን ይህቺ ልጅ ሥራ ካላገኘች እዚችው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ከጎኗ ያለው ሱቅ መስኮቱን ቢዘጋስ? በየቀኑ እየዞርኩ የሰው መስኮት ልፈትሽ? አንድ ሰው የሚፈትሸው አይደለም ይሄ። ለዚህ ነው ሕግ የሚያስፈልገው።"

ጋሼ ሞተር በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ፣ "ሞተር ጠጋኞቹ በገበያው ሁሉ ስምንት ነን" አሉ። "ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ። ግማሾቹ ይሰድቡኛል።"

"ግማሾቹስ?" አለች ልጅቷ።

"ሰድበውኝ ይመጣሉ።"

ልጅቷ ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዋ ነው። የመደዳው ሰው ልብ ቢል ኖሮ ጥቅሙ የሚሰወር አልነበረም፤ ሰው ሳይጮህ ይነጋገራል፣ ለነዳጅ የሚወጣው ልጅ ያስተምራል፣ ሞተር ጠጋኙም እጁ በዘይት ሳይጠቁር ያድራል፤ ከዓመት ዓመት የዝናቡን ቀን የሚያዛባው ጭስም ቢያንስ በእኛ በኩል ይቀንሳል። ጠቃሚ ነገር ሁሉ ግን ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ አይሆንም። ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ተናግሮ የሚያስደርገው ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ደክሞታል።

"ስንት ድምፅ ይጎድላል?" አሉ ጋሼ ሞተር ሲነሱ።

"ብዙ" አለች ልጅቷ። "የእኛ ተወካይ እሺ ቢሉም ይጎድላል።"

"ታዲያ ነገ ሄደን ምን ልንፈይድ ነው?"

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየው ሻማውን አጥፍታ ሁለቱንም ወደ ውጭ ታስወጣ ነበር።

"እንጃ" አለች እናትየው። "ያልመጣ ሰው ግን እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ነገ ስንሸነፍ እንኳ እዚያ ሆነን እንሸነፍ።"

ጋሼ ሞተር ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ስልካቸውን አውጥተው ለመጀመሪያው ሰው ይደውሉ ጀመር፤ ከወዲያ በኩል የሚጮህ ድምፅ ተሰማ፤ እሳቸውም ሳይቆጡ፣ "እሺ፣ ስደበኝና ስማኝ" እያሉ በዝናቡ ውስጥ ራቁ። ልብስ ሰፊዋ የብረቱን መዝጊያ ጎትታ አወረደች፤ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፤ መዘጋቱንም በእጇ ገፍታ አየች።