ፈጣኑ ባቡርና የእጄ ጀርባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የባቡር ሰው መባል ማዕረግ ነበር። ድሬዳዋ ላይ የእንፋሎት ባቡር እሳት ሳነድ ኖሬ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥቼ በአንድ የባቡር መናፈሻ መጥረጊያ ያዝኩ። ሥራ አይናቅም፤ አልናቅሁም። ግን ዓይኔ ልጆች ከምታንሸራሽረው አሮጌ ባቡር ላይ አልነቀል አለ። እሳቷን ማንደድ አማረኝ፤ አማረኝ ስላችሁ!

ታዲያ ነጂዋ አርተር የሚባል ሽማግሌ እንግሊዝ ነው፣ እና በወጣትነቱ እነዚያን አፍንጫቸው ነፋስ እንዲሰነጥቅ የሾለ፣ ብዙዎቹ በወፍ ስም የሚጠሩ የአገሩን ፈጣን ባቡሮች እሳት ያነድ ነበር። በሻይ ብሬክ ሰዓት ሁሌ፣ «ከእኛዎቹ አንዱ በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በረረ! በእንፋሎት የቀደመው የለም። የእናንተንስ ግመል አይቀድመውም?» ይለኛል።

«ይቀድመው ይሆናል። ያንተውስ ከበረረ በኋላ ምን ሆነ?»

ኩባያውን አስቀመጠ። «የመሃሉ ፒስተን ኩሽኔታ ጋለና ሌላ ባቡር ተካው» አለ። «ፒስተኑ ሦስት ነው፤ የመሃሉ ተደብቋል። ሲግል የሚሸት ነገር አስቀመጡበት፤ በአፍንጫ እንድናውቅ።»

«እኛ በእጃችን ጀርባ ነበር» አልኩት። «በየጣቢያው ወርደን እንነካለን። መዳፍ በአካፋ ደንድኗል፣ አያምኑትም፤ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም።»

«እንደ በሽተኛ ግንባር!» ብሎ ሳቀብኝ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ባቡሯ ሕፃናት ጭና አንድ ዙር ዞራ ቆመች፣ እና መጥረጊያዬን አስደግፌ የመንኮራኩሯን ኩሽኔታ በእጄ ጀርባ ብነካው አንገበገበኝ።

«አርተር፣ እንዳትንቀሳቀስ!»

«ወደ መጥረጊያህ! ጠዋት ዘይት ጠጥታለች።»

«ውረድና ንካ፤ በመዳፍህ ግን አይደለም!»

ተሳስቼ ቢሆን መጥረጊያውም ከእጄ ሊወጣ ነው። ወረደ። ነካ። እጁን መንጭቆ ሰበሰበ። ሕፃናቱን አውርደን ብናይ የዘይቱ መውረጃ ተደፍኖ ኖሯል።

በማግስቱ ሺፍቴ ስገባ አካፋውን አስታቀፈኝ። «እሳቱ ያንተ ነው፤ እኔ ነጂ ብቻ ነኝ» አለኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ አርተር በፈጣኑ ባቡሩ መፎከሩን ተወ?» ስል፣ ከብበን ከምንሰማቸው ልጆች አንዱ የሆንኩት እኔ፣ ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ባሰበት እንጂ! አሁንማ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ወደኔ እየጠቆመ፣ ‹እንደ እኛ ባቡር የፈጠነ የለም፤ ይሄ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ደግሞ ባቡራችን ሌላ ሳይተካው በገዛ እግሩ ቤቱ ይገባ ነበር!› ይላል» አሉና ከት ብለው ሳቁ።