ሊያንደር ሆልሸር፣ ወንድማቸውና ከሴንት ሉዊስ የሄደችው ኮርቬት

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ የደብሩ ምእመናን፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ሟች በሕይወት ሳሉ አኩርፈዋችሁ ሳትታረቁ የቀራችሁ ሁሉ፤ የአቶ ሊያንደር ሆልሸርን የሕይወት ታሪክ ሳናሳምር እንዳለ እንድናነብላችሁ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዴልፊን አዘውናል።

አቶ ሊያንደር ከግንበኛው ከአቶ አሎይስ ሆልሸርና ከወይዘሮ ኩኒጉንዳ እ.ኤ.አ. በ1934 በዚችው በሴንት ሉዊስ ከተማ ተወለዱ። በደብራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ከመምህራቸው ጋር ተጣልተው ወጡ፤ የጥሉን ምክንያት ሌላው ሰው ሁሉ ቢረሳውም እርሳቸው ግን ቂሙን አልረሱትም።

ሃያ ዓመት ሲሞላቸው፣ ኮርቬት የተባለችው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ፍሊንት ከተማ ላይ በተወለደች በዓመቱ ሥራዋ ወደ ሴንት ሉዊስ በመዛወሩ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ኤርቪን ጋር በአንድ ቀን በፋብሪካዋ ተቀጠሩ። ገላዋ ከመስታወት ክር የሚሠራ ፋይበርግላስ ነበርና ብናኙ እያሳከካቸው፣ ገዢ ጠፍቶ ልትቀር ነው ሲባል እየተቆጡ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ገብቶላት ነፍስ ስትዘራ ደግሞ "እኔ ብያለሁ" እያሉ አብረዋት ኖሩ። በ1963 የኋላ መስታወቷ ለሁለት ተከፍሎ ወጥቶ በዓመቱ ሲሻር፣ አለቃቸውን "ዓይን ያለው ሰው እዚህ ቤት የለም ወይ?" ብለው በመዝለፋቸው ለአንድ ሳምንት ከሥራ ታግደዋል። በ1958 ወይዘሮ ዴልፊንን ሲያገቡ ሚዜያቸው አቶ ኤርቪን ነበሩ።

በ1981 የኮርቬት ሥራ ኬንታኪ ውስጥ ወዳለችው ወደ ቦውሊንግ ግሪን ሊሄድ መሆኑ ሲሰማ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በእናታቸው መቃብር ላይ ቆመው ከተማቸውን ጥለው ላይሄዱ ተማማሉ። ይሁን እንጂ አቶ ሊያንደር አንድ ቅዳሜ መሰላል ሊዋሱ ወደ ወንድማቸው ቤት ሲያመሩ፣ አልጋው ተፈትቶ በጭነት መኪና ላይ ሲጫን አገኙት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ልነግርህ ነበር፣ ሊያንደር።"

"መቼ? ስትደርስ ፖስትካርድ ልትልክልኝ?"

"ልጆቼ ምን ይብሉ?"

"መሐላህን ይብሉ!" አሏቸው፤ መሰላሉንም ሳይወስዱ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ አቶ ሊያንደር የትምህርት ቤት አውቶቡሶችን እየጠገኑ እስከ ጡረታቸው ሠሩ። አቶ ኤርቪን አዲሱን ሞዴል ይዘው ለገና ሊታረቁ ቢመጡ፣ ከበር ላይ ሆነው "ይሄን ቆርቆሮ ከደጄ አንሳልኝ!" አሏቸው። ያቺ መኪና የመዳፍ ያህል እንኳ የቆርቆሮ ገላ ኖሯት እንደማያውቅ ከሁለቱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና፣ ስድቡ አጥንት ድረስ ዘለቀ። የአቶ ኤርቪን ሚስት ሲሞቱም ለቅሶ አልደረሱም።

በ2014 አቶ ኤርቪን በጡረታቸው ጎብኚ በሚያስተናግዱበት በቦውሊንግ ግሪኑ የኮርቬት ሙዚየም ወለሉ ድንገት ተደርምሶ ስምንት መኪኖች ጉድጓድ ገቡ። አቶ ሊያንደር ይህንን በቴሌቪዥን እንዳዩ ዜናው እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ተነሥተው ስልክ ደወሉ፤ ቁጥሩን ማንንም አልጠየቁም። ወይዘሮ ዴልፊን አጠገባቸው ቆመው ሰምተዋል።

"አለህ?"

"አለሁ። ሰው አልተጎዳም።"

"እንግዲያው መሬቱም አልፈለገህም" ብለው ዘጉት። ያን ዕለት ግን ምሳ አልበሉም።

በመጨረሻም በ2019 የልብ ድካም ጠንቶባቸው አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ፣ አቶ ኤርቪን ከቦውሊንግ ግሪን መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሟች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አቶ ኤርቪንም፣ "ሞተሩን ከኋላ አደረጉት" አሉ።

ሟች ዞሩ። "የምኗን?"

"የአዲሷን። ከሾፌሩ ጀርባ።"

"እነዚህ እብዶች! ኮፈኑ ውስጥ ምን ሊጨምሩበት ነው?"

"ሻንጣ።"

"ሻንጣ!" አሉና ለመቀመጥ ታገሉ፤ አቶ ኤርቪን ትራሱን አስደገፏቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ነርሷ መድኃኒት ይዛ እስክትገባ ድረስ መኪናዋንም፣ የሠሯትንም፣ የሚገዟትንም እየተቀባበሉ ረገሙ። ሲጨርሱ አቶ ሊያንደር ትንፋሻቸውን ሰብስበው "በቃ፣ አሁን ውጣልኝ" አሏቸው፤ አቶ ኤርቪንም ወጡ። ሟች በሦስተኛው ቀን አረፉ።

አቶ ሊያንደር ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዴልፊንን፣ ሴት ልጆቻቸውን ሎሬታንና አግነስን፣ አራት የልጅ ልጆችንም ትተው አልፈዋል። በኑዛዜያቸው ወንድማቸው አስከሬናቸውን እንዳይሸከሙ፣ የወንድማቸው ስምም በዚህ ቀን እንዳይጠራ አጥብቀው አዘው ነበር። የመጀመሪያው ተፈጽሟል፤ አቶ ኤርቪን ከኋላ በእግራቸው ተከተሉ እንጂ አልተሸከሙም። ስለ ሁለተኛው ግን ወይዘሮ ዴልፊን፣ "ስልሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ እሱ ይስማኝ" ብለዋልና፣ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኤርቪን ሆልሸርም ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቆጥረዋል።

እግዚአብሔር ለማንም ይቅር ማለት ያቃታቸውን የአገልጋዩን ነፍስ እርሱ ይቅር ብሎ ያሳርፍልን። አሜን።