የሰፈራችን ወንዝ ቀለም

ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሰውዬ አጠገቡ ለተቀመጠችው ሴት ያወራል።

«ልጄ አስተማሪዋ ‹ምድር እየሞቀች ነው› ካለቻት ወዲህ እንቅልፍ አጣች።»

«ውይ፣ ታዲያ ምን አደረግክ ወንድሜ?»

«‹የሚያስፈራሽን ነገር ሳዪው› ብዬ ከለር ገዛሁላት።»

«ሳለች?»

«የሰፈራችንን ወንዝ ሳለች። ጥቁሩን ከለር ጨረሰችው።»

«አይ ልጅ።»

«እኔም ፈላስፋ ሆንኩልሽ። ‹የማይለወጥ ነገር የለም፣ ወንዝም ይለወጣል› አልኳት።»

«ጥሩ ብለሃል።»

«‹ማን ነው የለወጠው?› አትለኝም?»

«ምን አልካት?»

«የምሠራው እዚያው ወንዙ ዳር፣ ቆዳ ፋብሪካ ነው። ፍልስፍናዬን ሰብስቤ ተኚ አልኳት።»

«ተኛች?»

«እሷማ ተኛች። አሁን መሳል ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ጥቁሩ ግን አልቋል።»

የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ፣ ሽታውን ፈርቼ ሁልጊዜ የምዘጋውን መስኮት ያን ቀን ሳልዘጋው አለፍኩ።